በጨለማው መደብ ላይ የሚሠራ ብርሃን



በሮማ ከተማ፥ በሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን፥ ሠዓሊው ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1599 እና በ1600 የሠራው የቅዱስ ማቴዎስ የመጠራቱ ሥዕል ይገኛል። ቀራጩ ከባልንጀሮቹ ጋር ገንዘብ በተዘረጋበት ገበታ ዙሪያ ተቀምጧል፤ ጌታችን በቀኝ በኩል ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይጠራዋል (ማቴ. 9፥9)።

ካራቫጆ ሥራውን በነጭ ሸራ ላይ አልጀመረም። አስቀድሞ ሸራውን በጠቆረ ቡናማ ቀለም ቀባው። ከዚያም ብርሃን የሚያርፍበትን ስፍራ፥ ቀለም በቀለም ላይ እየደረበ፥ ከደብዛዛው ወደ ደማቁ ገነባው። ለጥላው ግን በብዙ ስፍራ ያንኑ መደብ እንዳለ ተወው። ፊቱም፥ እጁም፥ የልብሱም እጥፋት ከጨለማው ወጥተው ቅርጽ ይዘው የሚታዩት ስለዚህ ነው።

ጌታም ማቴዎስን እንዲሁ ሠራው። ኃጢአቱን ይቅር አለው፤ ታሪኩን ግን አልፋቀም። በወንጌሉ የሐዋርያት ስም ሲዘረዘር እንኳ «ቀራጩ» ተብሎ ተጽፏል (ማቴ. 10፥3)። የቀድሞው ጨለማ የምሕረቱ ብርሃን የሚታይበት መደብ ሆነ።

እኛ ካህናትና መምህራን ግን ብዙ ጊዜ መደቡን ብቻ አይተን እንፈርዳለን። ከብዙ ዓመት በኋላ የቤተ ክርስቲያንን ደጅ የረገጠውን ሰው ስለ ትናንቱ እንመረምረዋለን፤ ጸሎቱን በቃሉ መያዝ ያቃተውን ወጣት በጓደኞቹ ፊት እናሳፍረዋለን። እንዲህ አድርገን ካሰናበትናቸው መካከል ዳግመኛ ያልተመለሱ አሉ። ይህንንም የምንጽፈው ራሳችንን እየወቀስን ነው።

የዘይት ቀለም ችኮላ አይወድም፤ የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛው ቢደረብ ይደበላለቃል። ነፍስም በአንድ የትምህርት ዘመን አትፈጸምም። በዚያው ጸሎት ቤት የሚገኘው የማቴዎስ የሰማዕትነቱ ሥዕል በ20ኛው ክፍለ ዘመን በራጅ ሲመረመር፥ ከሥሩ ሌላ ሥዕል ተገኘ። ሠዓሊው የመጀመሪያውን ሐሳብ ትቶ፥ ሸራውን ሳይጥል፥ በዚያው ላይ እንደገና ጀምሮ ነበር። ሰው ለሸራ እንዲህ ከራራ፥ እግዚአብሔር በአርአያው ለፈጠረው ሰው ምን ያህል ይራራ ይሆን?

እንግዲህ እያንዳንዳችን በቁምስናችን ተስፋ የቆረጥንበትን አንድ ሰው እናስብ። በጸሎት ስሙን እንጥራ፤ ከዚያም ወደ ቤቱ እንሂድ። ስንደርስም ከወቀሳ በፊት ሰላምታ እናስቀድም።

የብርሃን አባት እግዚአብሔር በእኛም በእርሱም የጀመረውን ሥራ ይፈጽም። አሜን።