መሣሪያው ሲለወጥ ባለሙያው ወዴት ይሂድ?

አዲስ መሣሪያ መጥቶ የአንድን ሰው እንጀራ ሲወስድበት ጥፋቱ የማን ነው? ብዙዎቻችን «የማንም አይደለም፤ ዘመን ነው» ብለን እናልፋለን። እኔም እንዲሁ እል ነበር። በቅርቡ በገዛ እጄ የሠራሁት ነገር ግን ይህን መልስ አፌ ላይ አስቀርቶብኛል።

በአራዳ፣ ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ አሉ። ሥራውን የጀመሩት በወጣትነታቸው በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ስለዚህ መኪና ጥቂት ልናገር፤ ከእኛ መካከል የነካው ጥቂት ነውና። የፊደል ገበታችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላው ሳይቈጠር። የመኪናው ቁልፍ ግን ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። ከጣልያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙበት ችግር ይኸው ነበር። መፍትሔው ፊደሉን ከፋፍሎ መምታት ሆነ፤ አካሉ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ። ጋሼ ይህን ሁሉ ቁልፉን ሳያዩ ይመቱት ነበር። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ፊደላችንም በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ከሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ገባ። ዛሬ የላቲኑን ድምፅ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ አማርኛ ይጽፋል። የጋሼ ጣቶች ለዓመታት የተማሩት ነገር ዋጋ አጣ። እርሳቸው ግን ከቦታቸው አልተነሡም፤ በእጃቸው እየጻፉ ኮምፒውተር ላላቸው ልጆች ይሰጡና ያሳትማሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ደግሞ ደንበኞቻቸው በየአቅጣጫው ተበተኑ። ይኸኛው የመሣሪያ ጉዳይ ባይሆንም አብሮ የመጣ ነው።

እንግዲህ ወደ እኔ ጥፋት ልመለስ። አንዲት ጎረቤታችን ባለቤታቸው ስላረፉ የተተኪ ጡረታ ማመልከቻ ሊያጽፉ ወደ ጋሼ ሲሄዱ አገኘኋቸው። «እማማ፣ ለምን ገንዘብ ያወጣሉ?» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ፕሮግራም በደቂቃ ውስጥ ያማረ ደብዳቤ ሰጠኝ። እማማ መረቁኝ፤ እኔም ምርቃቱን ተቀበልሁ። ደብዳቤው ግን ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ ወደ ጋሼ ሄዱ። ጋሼ ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቋቸው። ለካ የሟቹ ስም በጡረታው መዝገብ ላይ አንድ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን የክርስትና ስማቸው ነው! ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው በማስረጃ መረጋገጥ ነበረበት። እኔ ይህን አልጠየቅሁም፤ ስልኩም እኔን አልጠየቀኝም።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የጋሼ ሙያ መጻፍ አልነበረም፤ መጠየቅ ነበር። ሰው የሚከፍላቸው ግን በገጽ ነው፤ ጥያቄው እንደ ምርቃት የሚጨመር ነበር። አሁን ገጹ በነጻ ሲገኝ፣ በገጹ ዋጋ ተሸፍኖ ይኖር የነበረው ሙያ አብሮ ይራባል። መሣሪያው የወሰደው እንጀራ እንግዲህ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የማይችለውንም ሥራ ሲመግብ የኖረ ነው።

«ቁም ጸሐፊዎችስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ማተሚያ ቤት ሲመጣ፣ ብርሃንና ሰላምም በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ብራና ፍቆ መቃ ቀርጾ የሚጽፈው ሰው ገበያው ጠበበ። ነገር ግን ማተሚያው አራሚ ይፈልግ ነበር፤ ለዚህም የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው ዐይን ዋጋ አገኘ። ለእጁ የሚከፈለው ቢቀር ለዐይኑ የሚከፍል ተገኘ። የጋሼን ጆሮ ግን ማን ይቅጠረው?

ሕግ አውጪዎቻችን ይህን ጨርሰው አልዘነጉትም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ ሰው ሙያውን የትም ይማረው የት፣ ተመዝኖ የብቃት ምስክር ወረቀት እንዲያገኝ መንገድ ከፈተ። መልካም ሐሳብ ነው። ሆኖም ምዘና የሚቀናው በእጅ ለሚታይ ሥራ ነው፤ አንዲት ያዘነች ሴት የረሳችውን ነገር ማስታወስ በምን ይመዘናል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም የታሰበው ለእንደ እኔ ያለው ነው። በእርሱ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ወደ አዲሱ ሥራ የሚገባውን እየቈጠርን፣ ከአሮጌው የሚወጣውን የማንቈጥር ከሆነ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው።

በሌላ በኩል፣ ለአንድ ማመልከቻ የሚከፈለው ገንዘብ ለእማማ ቀላል አልነበረም። ስልኬን ያወጣሁት ለዚህ ነው፤ ለዚህኛው አልጸጸትም። የምጸጸተው ጋሼን ሳላማክር እርሳቸው የሚሠሩትን አውቃለሁ ብዬ በመገመቴ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ከጋሼ አጠገብ እቀመጣለሁ። እርሳቸው ይጠይቃሉ፤ እኔ በስልኬ እጽፋለሁ፤ ያነቡና «ይህን ማን ነገረህ?» እያሉ ግማሹን ያሰርዙኛል። ዋጋውን ቀነስነው። በገጽ ሳይሆን በጉዳይ እናስከፍል ብላቸው ግን አልተቀበሉኝም፤ «ለመጠየቅ ገንዘብ ይከፈላል?» ይላሉ። ገና እየተከራከርን ነው።