አሸክመኝ

በ1996 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ያኔ ዛሬ የምናውቀው ፓርክ የለም። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወደ ማርያም ወጥቶ፣ ከዚያ የእግር መንገዱን ይዞ ባሕር ዛፉ ውስጥ መግባት ነው። ዳቦ፣ ውኃና ሁለት ብርቱካን ይዘናል። ሽርሽር ማለት እንግዲህ ይኸው ነበር። የቅጠሉ ሽታ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነውን ያስታውሳል። ልጄ ከፊት ከፊቴ እየሮጠች የባሕር ዛፍ ፍሬ ትለቅማለች።

አንድ መታጠፊያ ላይ አንዲት እናት ከታሰረ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። በዕድሜ ከእናቴ ቢያንሱ በጥቂት ነው።

«ልጄ፣ ጥበቃ ሳይመጣ እስቲ አሸክመኝ» አሉኝ።

መቼም እኛ አገር ይኼን የሚያህል ቀላል ልመና የለም። ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውኃ የቀዳችውን፣ እንጨት የለቀመችውን መንገደኛ ያሸክማታል። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ አይባልም። እኔ ግን የከተማ ሰው ሆኛለሁና እጄ ቀድሞ የገባው ኪሴ ውስጥ ነው። አሥር ብር አወጣሁ።

«እሱ ይቆይ፤ አስቀድመህ አሸክመኝ» አሉኝ። (ብሩንም በኋላ አልተዉትም። ደግ አደረጉ።)

ሸክሙን ሳነሳው ወገቤ ተንቋቋ። ከሳቸው ክብደት የሚያንስ አልመሰለኝም። ጀርባቸው ላይ አሳረፍኩት፤ ገመዱን ደረታቸው ላይ አጠበቁ፤ ጉልበታቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቀጥ አለ። «እግዜር ይስጥህ» ብለው ቁልቁል ወረዱ። ከኋላ ሲታዩ ሰው የለም፤ ቅጠል ነው የሚሄደው።

«አባዬ» አለች ልጄ፣ «ረዳሃቸው ወይስ ጫንክባቸው?»

«ረዳኋቸው» አልኳት። ቶሎ ነው ያልኳት። ብርቱካን ልጬ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ትቶኝ አያውቅም። ማሸከም የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት ፊት አለው። ሸክም ማንሳት ያቃተውን ማገዝም ማሸከም ነው፤ የራስን ዕዳ ሌላው ላይ መጣልም ማሸከም ነው። እሺ፣ እምቢ ብዬ ባልፍስ? ሸክሙ አይቀርም፤ የሚቀረው የኔ እጅ ብቻ ነው። እሳቸው ተንበርክከው ብቻቸውን ይታገላሉ፤ እኔ ደግሞ «በዚህ ግፍ ውስጥ እጄ የለበትም» እያልኩ ንጹሕ አየር እስባለሁ። ተሸክሜ ላውርድላቸው? አስቤዋለሁ፤ አልዋሽም፣ ያሰብኩት ከወረዱ በኋላ ነው።

ነገሩ የከበደብኝ ግን ቤት ስንገባ ነው። ምሳ ቀረበ። እንጀራው ጎረቤታችን የጋገረችው ነው፤ የምትጋግረውም በቅጠል ነው። ቅጠሉ ከየት እንደሚመጣ ጠዋት አይቻለሁ። ለካ እኔ እዚያ መታጠፊያ ላይ የሰው ሸክም ያጋጠመኝ መንገደኛ አልነበርኩም። ሸክሙ ወደ እኔ ቤት የሚወርድ ነው።

ለነገሩ ባሕር ዛፉም ለሽርሽር አልተተከለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ አዲስ ዓለም አዙረው፣ እዚያ ሌላ ዋና ከተማ ማሠራት እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገውና ተቆርጦ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ባይደርስ ከተማዪቱ እዚህ መቅረቷ ያጠራጥር ነበር። ደኑ አይጠበቅ አላልኩም፤ ጽዱም ኮሶውም ተመልሶ ቢበቅል ደስ ይለኛል። ግን ዛፉ ሲተከል የታሰበው ምድጃ ነው። ንፋስ ልንቀበል የምንወጣው እኛ ዘግይተን የመጣን እንግዶች ነን፤ እንግዳ ደግሞ ቤተኛውን «ከዚህ ውጣ» ሲል ትንሽ ማፈር አለበት።

ባለፈው ዓመት ልጄ የራሷን ልጅ ይዛ፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ስንዞር ዋልን። ያምራል፤ ማማር ደግሞ ኃጢአት አይደለም። መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ ፈረስ አለ፣ ቡና አለ። በሄድንበት ሁሉ ሸክም ያዘለ ሰው አላየሁም። እነዚያ እናት ሸክሙ ቀርቶላቸው ከሆነ እሰየው። ሸክሙ በሌላ መንገድ የሚሄድ ከሆነ ግን የተገላገለው የኔ ዓይን ብቻ ነው።

ቡና እየጠጣን የያኔውን ጥያቄዋን አነሳሁባት። አላስታወሰችውም። የምታስታውሰው ብርቱካኑን ነው።

«ምን ብለህ መለስክልኝ?»

«ረዳኋቸው አልኩሽ።»

ትንሽ ዝም አለች። ልጇ ደክሞት መነጫነጭ ጀምሮ ነበርና ነጠላዋን ይዛ ተነሳች፤ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«እስቲ አሳዝለኝ» አለችኝ።