የጎደለችው ግማሽ ግራም

ከአያቴ የደረሰኝ ውርስ አንድ ጠገራ ብር ነው። በነጠላ ቁራጭ ተቋጥሮ ከሳጥኗ ግርጌ ሲኖር የኖረ። ሰሞኑን «ስንት ያወጣ ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣብኝና ፒያሳ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን አዳመጡ። ቀጥለው ሚዛን ላይ አኖሩት፤ 27.56 ግራም።

«ግማሽ ግራም ጎድሎታል፣ ልጄ» አሉኝ።

ጠገራ ብር የሚባለው የማርያ ትሬዛ ብር አዲስ ሲመታ 28.07 ግራም ይመዝናል። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ስሌቱ አያስቸግርም፤ ክብደቱን ለስድስት ከፍለህ በአምስት ታባዛለህ፣ የተገኘውን ደግሞ በዕለቱ የግራም ዋጋ ታባዛለህ። የኔው ወደ 23 ግራም ንጹሕ ብር አለው። በአንጥረኛው እሳት ፊት በብሩ ላይ የተቀረጹት ንግሥቲቱም ንስሩም ዋጋ የላቸውም፤ ቀልጦ የሚቀረው ብቻ ነው የሚቆጠረው።

በገበያ ዘመኑ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ፊቱ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኦስትሪያዋ ገዢ ማርያ ትሬዛ የሞተችበት። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሲመታ ዓመቱ አልተነካም፤ መልኩ ቢለወጥ ማን ይቀበለዋል? ነጋዴው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ አስጠግቶ ዘጠኙን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር። ያልታዩት እንደሆነ ገንዘቡን ይመልሳል። አፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን፣ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር ፓሪስ አስመትተው ቢያመጡም፣ ሰዉ የለመዳትን የሞተች ባዕድ ቶሎ አልተዋትም።

ወርቅ ሳይቀር በእሷ ይመዘን ነበር፤ ወቄት የምንለው የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው። እንግዲህ የኔ ብር ሚዛን ላይ ድንጋይ ሆኖ ቢቀመጥ ወርቅ ሻጩን በግማሽ ግራም ይጠቅመው፣ ገዢውን ይጎዳው ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ወረቀት ደግሞ ቅንጣት ብር ሳይኖርበት «ብር» ይባላል። ያንን አስቤ የኔውን ጎዶሎ አልናቅሁትም።

ግን ግማሽ ግራሙ የት ሄደ? ማንም አልሰረቀውም። በበቅሎ ጭነት ከጓደኞቹ ጋር ሲፋተግ፣ በአቁማዳ ሲንኳኳ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር በዓይን በማይታይ ብናኝ አለቀ። ለእህል፣ ለጥሎሽ፣ ለግብር በተቆጠረ ቁጥር የቆጠረው ጣት ጥቂት ይዞ ሄዷል። አያቴም ቋጠሮውን እየፈታች ትደባብሰው ነበር፤ የሷም ድርሻ አለበት።

አንጥረኛው ዋጋውን በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ልክ ነው፤ ላለው ነው የሚከፈለው። ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩና ዕንቁዎቹን ልቆጥር ሞከርኩ። ስድስት አየሁ። የቀሩት ይገለጡልኝ እንደሆን ብዬ በአውራ ጣቴ ጠረግ ጠረግ አደረግኋቸው።

ጣቴን ሳነሳው ጫፉ ጠቁሯል።