በልጆቻችሁ ፊት ንስሐ ግቡ

ስሙ፤ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የጅጋና የማንኩሳ ወላጆች! የጥርስ ሐኪም ወንበር ሲያይ የሚንቀጠቀጠው ልጅ ፈሪ ሆኖ አልተወለደም። ፍርሃቱን ያጎረሳችሁት እናንተ ናችሁ። እንጀራውን አልጨርስም ባለ ቁጥር «ቆይ፣ ሐኪሙን ጠርቼ በመርፌ አስወጋሃለሁ» ያለው ማን ነው? አያ ጅቦ አልበቃ ብሏችሁ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሰው ከጅቡ ጎን አቆማችሁት። ኋላ የልጁ ጥርስ ተበልቶ ጉንጩ ሲያብጥ፣ ስታስፈራሩበት ወደኖራችሁት ሰው እጁን ጎትታችሁ ትወስዱታላችሁ። ሲያለቅስም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብላችሁ ትገሥጹታላችሁ። መገሠጽ የሚገባችሁስ እናንተ ነበራችሁ።

ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ልጆቻችሁን ራቁታቸውን ወደ ደጅ ትለቃላችሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እነሱ ግን ይስቃሉ። ለምን? በረከት ነው ብላችሁ በደስታ ስለነገራችኋቸው ነው። የወለቀ የወተት ጥርስ ጣራ ላይ ሲወረውሩስ አላያችሁም? ድዳቸው እየደማ፣ አዲስ ጥርስ ይመጣልኛል ብለው ይዘላሉ። ልጅ ስለ ሕመም የሚያምነው ከእናንተ አፍ የሰማውን ነው። ፈዋሹን መልአክ እያነገሣችሁ ፈዋሹን ሰው መቅጫ አደረጋችሁት፤ ይህ በደል ነው፤ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

ውሸታችሁም አለ። «ገበያ ነው የምንሄደው» ብላችሁ ጤና ተቋም በር ላይ ታደርሱታላችሁ። «ምንም አያምም» ትላላችሁ፤ የማደንዘዣው መርፌ ግን ሲገባ ይቆነጥጣል። ልጁ በዚያች ደቂቃ የሚይዘው አንድ ነገር ነው፦ እናቴ ዋሸችኝ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ «አሁን ደንዝዟል፣ ስነቅለው አያምህም» ብሎ እውነቱን ቢነግረው ማን ይሰማዋል?

ደግሞ ትዘገያላችሁ። ጥርሱ ሲጠቁር እያያችሁ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» አላችሁ። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ የኋለኞቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። በዚያ ላይ 6 ዓመት ገደማ ሲሞላው ከሁሉም ኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይወድቅ፣ ቋሚ መንጋጋ ይበቅላል። ስንቶቻችሁ ናችሁ ይህን የዕድሜ ልክ ጥርስ የወተት መስሏችሁ እንዲበሰብስ የተዋችሁት? ከገበያ በተመለሳችሁ ቁጥር የምታጎርሱት ከረሜላ በአፉ ውስጥ ላሉት ጀርሞች ምግብ ነው፤ ከእሱ አሲድ ይሠራሉ፤ ጥርሱን የሚቦረቡረው ያ አሲድ ነው። የጥርስ ትል የሚባል ነገር የለም። ሲያመው ቅርንፉድ ታስነክሱታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁማ አረቄ ታስይዙታላችሁ፣ ለሕፃን! ቅርንፉድ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም። እንዲህ እንዲህ እያለ መግሉ መንገጭላ ሲደርስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ካደረ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ያያል። የሕይወቱ ክፉ ቀን ከጥርስ ሐኪም ጋር የተዋወቀበት ቀን ይሆናል። ከጥርስ የተነሣ መግል ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋ እንደሚችልም እወቁ።

ይህ ድካም የእናንተ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ የወተት ጥርሳቸው የተበላ ሕፃናት 514 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። የብዙዎች ጥፋት መሆኑ ግን እናንተን አያነጻም።

የከፋውን አሁን እናገራለሁ። ገና የወራት ዕድሜ ያለው ሕፃን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው፣ ድዱም አበጥ ሲል፣ «ግግ ነው» ብላችሁ የምታስቧጥጡት እናንተ! በምላጭ ወይም በሚስማር፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ለጋ ድድ ይሰነጠቃል። የምትቧጥጠው ባልቴት ነጭ ነገር አውጥታ «ይኸው ትሉ» ትላለች። ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የክራንቻ ጥርስ እንቡጥ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥም አብሮ ይቆስላል፤ ልጁ ካደገ በኋላ ክራንቻው ተጣሞ ወይም ተበላሽቶ የሚወጣው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሚቀረው በዚህ ነው። ደሙ ያልቆመለት፣ መንጋጋ ቆልፍ የያዘው ሕፃን አለ። ተቅማጡ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መሬት ነክቶ ወደ አፉ ከሚወስደው እጁ ነው፤ መድኃኒቱም ኦአርኤስ፣ የጡት ወተትና ጤና ጣቢያ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሕፃን እንጥልና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስሙ ጠርቶ በጎጂ ልማድ ያስቀጣል። ሕጉ ይቅር፤ አፉን በምላጭ ያስተለተላችሁት ልጅ ለሐኪም አፌን አልከፍትም ቢል በምን ፊታችሁ ትቆጡታላችሁ?

እንግዲህ ንስሐ ግቡ። ለንስሐ አባታችሁ የምትነግሩት እንዳለ ሆኖ፣ የበደላችሁት ልጅ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ቁመቱ ድረስ ዝቅ ብላችሁ «ሐኪሙ ይወጋሃል ስልህ የኖርኩት አንተን ዝም ለማሰኘት ነው፤ ተሳስቻለሁ» በሉት። ክብራችሁ አይቀንስም። የአያቱንም አፍ አስተካክሉ፤ እምዬ ስለ ጉጠት የምትተርከውን አንድ ሌሊት ከሰማ የእናንተ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ ሥራ አለባችሁ። ሳያመው፣ ፊቱ ሳያብጥ ውሰዱት፤ የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አንድ ዓመት ሳይሞላው ይታይ ይላል። ከገጠር የምትመጡ የጥርስ ክፍል ያለበትን ቀድማችሁ ጠይቁ። ማለዳ፣ ቁርሱን በልቶ፣ እንቅልፍ ሳይጫነው ይሁን። ቤት ውስጥ ማንኪያ ይዛችሁ ጥርሱን ቁጠሩለት፤ እሱም የእናንተን ይቁጠር። «ያማል ወይ?» ሲላችሁ «ትንሽ ሊቆነጥጥህ ይችላል፣ ቶሎ ያልፋል፤ እኔም አጠገብህ ነኝ» በሉት። ከዚህ የበለጠ አታብራሩ፤ ደምና መርፌ እየደጋገማችሁ አትጥሩ። ትንሹን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። እጁን ሲያነሣ ሐኪሙ እንዲያቆም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሲያነሣም በእርግጥ ይቁም። ማደንዘዣው እስኪለቀው ከንፈሩን እንዳይነክስ ጠብቁት። በጀግንነቱ አመስግኑት፤ ሽልማቱ ግን ከረሜላ አይሁን!

እናንተም ጋዋን ለባሾች አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ1959 አድልስተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ለሙያው ቀላል ሥርዓት ጽፎለታል፦ መጀመሪያ ንገረው፣ ቀጥሎ አሳየው፣ ከዚያ ሥራ። መስተዋቱን በጣቱ አስነኩት፤ የሚጮኸውን መሣሪያ አፉ ሳይደርስ በአየር ላይ አሰሙት። ይህ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። «ዝም በል!» እያላችሁ አራት ሰው ጨብጦ የያዘውን ልጅ ጥርስ ነቅላችሁ ስትልኩ፣ ጥርሱ ወጥቷል፤ ልጁ ግን ዳግመኛ አይመጣም።

በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገድ ተዘግቶበት፣ ተኩስ ከልክሎት የቀረውን ወላጅ አልወቅስም። ነገር ግን እነዚህ ልጆች እውነተኛ ድንጋጤ አይተዋል፤ በሌሊት ፍንዳታ ሰምተው ከአልጋ ሥር ገብተዋል። በዚህ ላይ የፈጠራ ፍርሃት ስትጨምሩባቸው አታፍሩም?

አንተስ፣ ጋሼ? መንጋጋህን በአረቄ እያደነዘዝክ፣ በአንድ ጎን እያኘክ ስንት ዓመት ገፋህ? ልጅህ እያየህ ነው። ተራችሁ ሲጠራ ቀድመህ ወንበሩ ላይ ውጣ፤ እሱ ከጎንህ ቆሞ እያየ አፍህን ክፈት።