ተመራማሪ ለሚመረምረው ሰው ያለበት ዕዳ

ሰው ስለ ድንጋይ የተሳሳተ ነገር ቢጽፍ ድንጋዩ አይጎዳም። ስለ ከዋክብት አካሄድ በስሕተት ቢያስተምርም ከዋክብቱ ከመንገዳቸው አይወጡም። ስለ ሰው የተጻፈ ስሕተት ግን ሰውን ይነካል፤ ጽሑፉን ያነበበ አለቃ ነገ በዚያው መሠረት ያዝዘዋል፣ ደመወዙን ይወስንለታል፣ ይሾመዋል ወይም ያሰናብተዋልና። ስለዚህ የሰውን ሥራና አስተዳደር የሚመለከት ጥናት ከሌላው ዕውቀት የተለየ የሕሊና ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም፦ መርማሪው ለተመረመረው ሰው ምን ዕዳ አለበት? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ድሮ የጥቂት ሊቃውንት ጉዳይ ነበር። የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1908 (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በንግድ ሥራ አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን በአገራችን ሳይቀር ቀን በባንክ፣ በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ሲሠሩ ውለው ማታ ወይም ቅዳሜና እሑድ ለዚሁ ዲግሪ የሚማሩ ብዙዎች ናቸው። ተማሪው በመጀመሪያ የሂሳብ አያያዝን፣ ፋይናንስን፣ የገበያ አመራርንና የሰው ኃይል አስተዳደርን ይማራል። ቀጥሎ የምርምር ዘዴ ይሰጠዋል፤ መላምት ማቆምን፣ ናሙና መምረጥን፣ መጠይቅ ማዘጋጀትን፣ መረጃ መተንተንን ይለማመዳል። በመጨረሻም በአማካሪ መምህር እየተመራ የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጃል፤ በፈታኞች ፊት ቀርቦም ይከላከልለታል።

ብዙዎች ይህን የምርምር ሥልጠና ዲግሪ ለማግኘት እንደሚከፈል ግብር ይቆጥሩታል። ነገሩን በጥልቀት ላየው ግን ሥርዓቱ ሁሉ የተበጀው ተማሪው የራሱን ግምት እውነት አድርጎ እንዳያቀርብ ለመግታት ነው። ናሙና በዕጣ የሚመረጠው ለወዳጅ እንዳይደላ ነው። መረጃ የሚጠበቀው ሌላው ሰው መጥቶ እንዲያረጋግጥ ነው። እንግዲህ የምርምር ዘዴ የእጅ ሙያ ብቻ ሳይሆን ለራስ ሐሳብ ያለማዳላት ልምምድ፣ ማለትም የፍትሕ ትምህርት ነው።

ይህ ትምህርት ሲጎድል ምን እንደሚሆን የሙያው የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ስለ ሳይንሳዊ ሥራ አመራር በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በፔንስልቬንያ በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ ይሠራ ስለ ነበረ አንድ ሠራተኛ ይተርካል። «ሽሚት» ብሎ የጠራው ይህ ሰው እያንዳንዱ 42 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ጥሬ ብረት እያነሣ በባቡር ፉርጎ ላይ ይጭን ነበር። በቴይለር አነጋገር፣ የሚሠራበትና የሚያርፍበት ጊዜ ከተለካለት በኋላ በቀን የሚጭነው ከ12 ቶን ተኩል ወደ 47 ቶን ገደማ አደገ፤ የቀን ደመወዙም ከ1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ወደ 1 ዶላር ከ85 ሳንቲም ከፍ አለ። ሸክሙ ወደ አራት እጥፍ ሲደርስ ክፍያው የጨመረው በ60 በመቶ ገደማ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ሊያስተክዘን የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ቴይለር ለዚህ ሥራ የሚስማማው ሰው በአእምሮው ከበሬ ጋር የሚቀራረብ እንደሆነ ጽፏል። ይኸው መጽሐፍ ደግሞ ሽሚት በዚያች ትንሽ ደመወዝ ቁራሽ መሬት እንደ ገዛ፣ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታም ከሥራ በኋላ የገዛ ቤቱን ግድግዳ ያቆም እንደ ነበር ይናገራል። በሬ ለራሱ ቤት አይሠራም። ተመራማሪው ማስረጃውን በራሱ ብዕር ጽፎ ሳለ ማስረጃው የሚለውን አልሰማም፤ ስለ ሰውየው አስቀድሞ ወስኖ ነበርና።

የሽሚት ትክክለኛ ስም ሄንሪ ኖል ነበር። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የፋብሪካውን ሰነዶች መርምረው፣ የቴይለር ትረካ በብዙ ቦታ ከመዝገቡ ጋር እንደማይገጥም በ1974 አሳዩ። በመካከሉ ግን ከ60 ዓመት በላይ አልፏል፤ ታሪኩም ለስንት ትውልድ ተማሪዎች እንደ ተረጋገጠ ነገር ተነግሯል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም። በቺካጎ አጠገብ በነበረው የሆቶርን ፋብሪካ፣ የመብራት ብርሃን በምርት ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለማወቅ ከ1924 ጀምሮ ሙከራ ተደረገ። ብርሃኑ ሲጨመርም ሲቀነስም ምርቱ አደገ፣ ምክንያቱም ሠራተኞቹ እየታዩ መሆናቸውን ስላወቁ ነው የሚለው ትምህርት በየመማሪያ መጻሕፍቱ ገባ። ስቲቨን ሌቪትና ጆን ሊስት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ጠፍቷል ይባል የነበረውን መረጃ አግኝተው በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ያ አስደናቂ ውጤት በመረጃው ውስጥ እንደሌለና ቢገኝ ረቂቅ ምልክት ብቻ እንደሆነ አስረዱ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ማለት ይህ ነው፤ ነገር ግን እስኪነጋ ድረስ በጨለማው የተመራው ሠራተኛ ነው።

ከተሳሳተ መረጃ ይልቅ የሚከፋው ደግሞ ስለ ሰው ባሕርይ የሚያዝ የተሳሳተ እምነት ነው። ሚልተን ፍሪድማን በ1970 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ፣ የአንድ ድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት የጨዋታውን ደንብ ጠብቆ ትርፉን ማሳደግ ነው አለ። በ1976 ጄንሰንና ሜክሊንግ የተባሉ ሊቃውንት፣ ሥራ አስኪያጅ የባለቤቱን ንብረት እንደ ገዛ ንብረቱ እንደማይጠብቅ፣ ስለዚህም በጥቅምና በቁጥጥር ሊታሰር እንደሚገባ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ንድፈ ሐሳብ በንግድ ትምህርት ቤቶች በሰፊው ተዘረጋ። በለንደን ያስተምር የነበረው ሕንዳዊው ሱማንትራ ጎሻል ግን ከሞተ በኋላ በ2005 በታተመ ጽሑፉ፣ እንዲህ ያለው ትምህርት ተማሪውን ከግብረ ገብ ኃላፊነት ነፃ እንደሚያወጣው፣ ሰውን እንደማይታመን ቆጥሮ የሚያስተዳድር ደንብም ራሱ አለመታመንን እንደሚወልድ ተከራከረ።

ለዚህ እኛም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ራሱ ስለ ሹመት የተሰጠ ንድፈ ሐሳብ ነው። ሰው እንዲህ ነው ከማለት አልፎ ሰውን እንዲህ አድርጎታል። ያልበላው ሹም ሞኝ ተብሎ ሲሣቅበት፣ የሚቀጥለው ሹም ሞኝ ላለመባል ይበላል።

አንዳንዱ ምናልባት፦ «ታዲያ መለካት ይቅር ማለት ነውን?» ይል ይሆናል። አይደለም። ሂሳቡን የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ ድርጅቱን ሲያከስር በመጀመሪያ እንጀራውን የሚያጣው ሠራተኛው ነው፤ ደግነት ያለ ዕውቀት ብዙ ቤት አፍርሷል። ቁጥርም በቅንነት ሲሰበሰብ ለደካማው ጠበቃ ይሆናል፤ ደመወዝ በአድልዎ መከፈሉን፣ አደጋ በአንድ የሥራ ክፍል መብዛቱን የሚያጋልጠው እርሱ ነው። የተወቀሰው መለካቱ ሳይሆን፣ ሳይለኩ እንደ ለኩ መናገርና የሚለካው ሰው መሆኑን መርሳት ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የሚታደለውን መጠይቅ እንመልከት። «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በፍጹም አልስማማም» ድረስ በደረጃ የሚሞላው ይህ ዓይነት መጠይቅ ሬንሲስ ላይከርት በ1932 ካወጣው ሥራ የመነጨ ነው። መሣሪያው መልካም ነው። ነገር ግን ወረቀቱን የሚያድለውና የሚሰበስበው የክፍሉ ኃላፊ ከሆነ፣ ሠራተኛዋ ስለ አለቃዋ ፍትሐዊነት ስትጠየቅ የት ላይ ምልክት ታደርጋለች? እንጀራዋ ያለበት ላይ ነው። ተማሪው ይህን እያወቀ መልሷን በሠንጠረዥ ቢያሰፍር፣ ፍርሃትን እርካታ ብሎ መዝግቧል። ያልተሞላውን ወረቀት ራሱ የሚሞላ፣ ጽሑፉን በገንዘብ የሚያስጽፍ ደግሞ ያልተናገረን ሰው እንደ ተናገረ አድርጎ በሐሰት ያስመሰክራል። ይህን ሰው ነገ ሾመን ሪፖርት አቅርብ ብንለው ምን እንደሚያቀርብልን አስቀድሞ ነግሮናል።

እንግዲህ ዕዳው ሦስት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ውጤቱ መላምቱን ቢያፈርስም፣ አሠሪውን ባያስደስትም የተገኘውን እንደ ተገኘ መጻፍ። ሁለተኛው አክብሮት ነው፤ የሚጠየቀውን ሰው ፈቃድ መጠየቅ፣ ስሙን መሠወር፣ በመልሱ ምክንያት እንዳይጎዳ መጠበቅ። ሦስተኛው መመለስ ነው፤ የተማሩትን ለተማሩበት ሰው ማካፈል። ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ መልስ የሰጡት ሠራተኞች ሳያዩት በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል! ጊዜያቸውንና ምስጢራቸውን ሰጥተውን ምንም አልመለስንላቸውም።

ይህን ዕዳ የማስከፈል ኃላፊነት የተማሪው ብቻ አይደለም። አማካሪ መምህሩ «ስንት ሰው ሞላልህ?» ከማለቱ በፊት «እንዴት ጠየቅሃቸው?» ይበል። ፈታኙም ከቀመሩ ጋር መረጃው የመጣበትን መንገድ ይመርምር። አሠሪውም የተማረውን ሰው በዲግሪው ብቻ ሳይሆን ደስ የማያሰኝ እውነት ይዞ ሲመጣ በሚቀበልበት መንገድ ያክብረው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፋችሁን የምታዘጋጁ በመካከላችሁ ትኖራላችሁ። በናሙናችሁ ውስጥ ተራ ቁጥር የተሰጠው እያንዳንዱ ሰው ከሥራ ሲወጣ ወደ አንድ ቤት የሚሄድ፣ ምናልባትም እንደ ሄንሪ ኖል ግድግዳውን በገዛ እጁ የሚያቆም ነው። የጻፋችሁትን እርሱ ቢያነበው «ይህ እኔ ነኝ» ይል እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ከፈታኞቹ ሁሉ በፊት ፈታኛችሁ እርሱ ነው።