ዋናው ለማን፣ ቅጂው ለማን?

አንድ ቅርስ ከተገኘበት አገር ተነሥቶ በሌላ አገር የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በእንግድነት ሲታይ ሁለት መብቶች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። አንደኛው የሰው ልጅ ሁሉ የራሱን አመጣጥ የማወቅ መብት ነው። ሁለተኛው ቅርሱን ያስገኘው ሕዝብ በሀብቱ ላይ ያለው መብት ነው። የሁለቱን ግንኙነት ለመመርመር የድንቅነሽ ጉዞ ግልጽ ምሳሌ ይሆናል።

ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር ላይ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን ከመላው አፅሟ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ነው። ዋናው አፅም ነሐሴ 25 ቀን 1999 ዓ.ም. በአሜሪካ በሂውስተን የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም ለተመልካች ቀረበ፤ ወደ ሲያትል፣ ወደ ኒውዮርክና ወደ ካሊፎርኒያም ተዘዋውሮ በ2005 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ጉዞው ያለ ክርክር አልተፈጸመም። የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪዎች ዋና ቅሪተ አካላት ከአገራቸው እንዳይወጡ ቀደም ብለው ተስማምተው ስለ ነበር፣ በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ተቋም ዐውደ ርእዩን ሳይቀበል ቀረ።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ብቻውን አይበቃም። ድንቅነሽ የሰው ልጅ ሁሉ ታሪክ አካል ናትና ከሌላው ዓለም ሰውሮ ማኖር ተገቢ አይሆንም። ጉዞው ለዕውቀትም ጠቅሟል፤ አፅሙ በአሜሪካ ሳለ በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በራጅ መሣሪያ ተመርምሮ ከ35,000 በላይ ምስሎች ተነሥተውለታል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የአንዳንድ አጥንቶቿ ቅርጽ በኢትዮጵያ ፈቃድ ለዓለም መምህራንና ተማሪዎች ተለቋል።

ይሁን እንጂ የጉዞው ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት እስከ መጨረሻው መከተል ይገባዋል። ዋናው አፅም መሄድ ያለበት ቅጂው የማይሰጠው ነገር ስላለው ነው ይባላል። አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ግን ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጦ ተመልካቹ ለረጅም ዘመን ሲያይ የኖረው ቅጂውን ነው። እንግዲህ ቅጂው ለአዲስ አበባ ተማሪ ከበቃ ለሂውስተን ተማሪ የማይበቃበት ምክንያት ምንድን ነው? ለሂውስተን ተማሪ ካልበቃስ ለአፋር እረኛ ልጅ እንዴት ይበቃል? ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

አፅሙ በቀላሉ ስለሚጎዳ ዘወትር ሊታይ አይችልም የሚለው መልስ ሚዛን የሚደፋ ነው። ያልተወለደው ትውልድ ድርሻ አለውና የዛሬው ትውልድ ለዓይኑ ሲል ሊያጠፋበት አይገባም። ነገር ግን ይህ መልስ የሚከለክለው የዘወትሩን እንጂ የጥቂት ጊዜውን ትርኢት አይደለም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ድንቅነሽ ሰላም ከተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል ጋር በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ለሁለት ወር ያህል እንድትታይ ሆኗል። ውቅያኖስና ድንበር ለሚያሻግር ጉዞ የተገኘው ጥንቃቄ በአገር ውስጥ ለሚደረግ የሁለት ወር ዐውደ ርእይ አይገኝም ማለት ያስቸግራል።

በመሆኑም ፍትሐዊው መመዘኛ ቅደም ተከተል ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ ቅርስ አስቀድሞ በባለቤቱ ሕዝብ ፊት ይቅረብ፤ ሲመለስም የተገኘውን ዕውቀት ይዞ በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች ወደ መማሪያ መጻሕፍት ይግባ። መምህሩ በክፍሉ ሊያስረዳው፣ ሠዓሊው በብሩሹ ሊያሳየው የሚችለው ያን ጊዜ ነው። እንግዳን ማክበር የቆየ ባህል ነው፤ ለእንግዳው የቀረበው ማዕድ ግን የቤቱን ልጅ ጦም የሚያሳድር ከሆነ ግብዣው መልካም ግብዣ አልነበረም።