የውሻ ነቀርሳና የሰው ዕዳ

ነቀርሳ የያዘውን ውሻ ለማከም የዘር ምርመራን ያህል ረቂቅ ጥበብ ማዋል ይገባልን? ጥያቄው ለብዙዎቻችን ገና ሲሰማ ፈገግታን የሚጭር ነው። ውሻ በቋንቋችን ስድብ ነው፤ በግቢያችን ደግሞ የደጅ ዘበኛ። ትራፊ ይጣልለታል፤ ይጮኻል፤ አንድ ቀን ይሞታል፤ በምን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዚህ ልማድ ላደገ ሰው፣ በአሜሪካ አንድ የእንስሳት ሐኪም ከውሻ ዕጢ ቁራጭ ወስዶ፣ በሕዋሱ ውስጥ የሰፈረውን የዘር ጽሑፍ አስነብቦ፣ «በሽታው የተነሣው ከዚህች ፊደል መለወጥ ነውና ለዚህ ውሻ የሚስማማው ይኸኛው መድኃኒት ነው» ማለቱ ቅንጦት ከመባል አያልፍም። ይሁን እንጂ ከመፍረዳችን በፊት አንድ ነገር ልንጠይቅ ይገባል፤ ለመሆኑ ውሻውን ለዚህ ሕመም የዳረገው ማን ነው?

አስቀድመን ነገሩን እንረዳው። እ.ኤ.አ. በ2005 ታሻ የምትባል የቦክሰር ዝርያ ውሻ ሙሉ የዘር ጽሑፍ፣ ማለትም ጂኖሟ፣ ተነቦ ታተመ። ወደ 2.4 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት ያሉት ድርሳን ነው። የሰው ልጅ ጽሑፍ ከዚያ ቀደም ብሎ ተነቦ ስለነበር ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማስተያየት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ተመራማሪዎች በውሾች የሽንት ፊኛ ነቀርሳ ውስጥ ብራፍ የተባለውን በራሂ፣ በተለመደው አጠራር ጂን፣ ተለውጦ አገኙት። ብራፍ ለሕዋሱ «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ከሚያቀብሉት አንዱ ነው። ጤነኛ ሲሆን ትእዛዝ ሲመጣለት ያቀብላል፤ ሲያበቃም ዝም ይላል። አንዲት ፊደል ስትለወጥበት ግን ዝምታን ይረሳል፤ ማንም ሳያዘው ሌት ተቀን «ተባዛ! ተባዛ!» ይላል። ዕድሜዬን በፊደል የገፋሁ ሰው ነኝና «ሞላ» እና «ሞተ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል መሆኑን አውቃለሁ፤ በሥጋ ውስጥም እንዲሁ መሆኑን ስሰማ ግን መደንገጤ አልቀረም። ይህችው ለውጥ፣ በዚያው በራሂ በተመሳሳዩ ስፍራ፣ ሜላኖማ ከሚባለው የሰው የቆዳ ነቀርሳ በግማሽ ያህሉ ላይ ትገኛለች። የሽንት ፊኛ ነቀርሳ ካለባቸው ውሾች በአብዛኞቹ ላይ ስላለች፣ ሽንታቸው ተመርምሮ ብቻ ልትያዝ ትችላለች፤ ምላጭ አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የሽንት ፊኛ ነቀርሳ ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው የስኮትላንድ ቴሪየር የሚባለውን ዝርያ ነው፤ ከሌሎች ውሾች በብዙ እጥፍ። በርኒዝ የተባለው የስዊስ ተራራ ውሻ ደግሞ የራሱ የሆነ ሌላ ክፉ ነቀርሳ አለው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1859 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ የውሻ ውበት ውድድር ተካሄደ፤ በ1873 ለንደን ውስጥ የውሻ ዘር የሚመዘግብ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ውስጥ ያልገባ ውሻ ከተመዘገበው ጋር እንዳይገናኝ አጥር ታጠረ። ጢሙ የረዘመ፣ እግሩ ያጠረ፣ ጠጉሩ ወርቅ የመሰለ ተመረጠ፤ አባት ከልጅ፣ ወንድም ከእኅት ተዳቀለ። ሰው መልክን ሲመርጥ ከመልኩ ጋር ተቆራኝቶ የሚሄደውን ሕመምም ሳያውቅ መረጠ። ነቀርሳ ዝርያው ያልታወቀውን የመንደር ውሻም ይይዛል፤ ዕድሜ ብቻውን ይበቃዋልና። የስኮትላንዱ ውሻ ዕጣ ግን በሰው እጅ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ለእርሱ የሚደረገው ሕክምና ከምጽዋት ይልቅ ዕዳ ወደ መክፈል የሚጠጋ ይመስለኛል።

«ሰው ሳይታከም ውሻ?» የሚለው ተቃውሞ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን ለነቀርሳ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይገኝ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰ በሽተኛ ወረፋ ሲጠብቅ ሕመሙ አይጠብቅለትም። ለዚያ ሰው ስለ ውሻ ጂኖም መተረክ ነውር ሊመስል ይችላል። ርኅራኄ እንደ ጎተራ እህል ተሰፍሮ የሚያልቅ አይደለም ብዬ ልመልስ እችል ነበር፤ ገንዘብ ግን እንደ እህል ያልቃል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ርኅራኄው የጥጋብ ውጤት ነው የሚለውን አልቀበልም። በጀርመን አገር ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 የተገኘ፣ ወደ 14,000 ዓመት የሚጠጋ መቃብር አለ፤ ወንድና ሴት፣ አብሯቸውም አንድ የውሻ ግልገል ተቀብረዋል። ጥርሶቹ በኋላ ሲመረመሩ ግልገሉ በጽኑ ታሞ እንደነበረ፣ ያለ ሰው አስታማሚነትም ያን ያህል ሳምንታት ሊቆይ እንደማይችል ተመራማሪዎቹ ተናገሩ። አያድን፣ አይጠብቅ፣ አይጠቅም ነበር። ያስታመሙት ሰዎች ግን ጎተራ እንኳ አልነበራቸውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የምርመራው ወረቀት ለባለቤቱ ይነበባል፤ የሙከራውን ውል የሚፈርመውም ባለቤቱ ነው። ለሰው የተሠራውን የብራፍ ማገጃ መድኃኒት ለታመሙ ውሾች የሰጠ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል፤ የከፊሎቹ ዕጢ አነሰ፤ ቆይቶ ግን መድኃኒቱን እየተላመደ በሽታው ተመለሰ። የተገኘው ወራት ነው። ባለቤቱ ወራቱን ይቆጥራል፤ ተመራማሪው ለሰው የሚጠቅም ዕውቀት ይቆጥራል። ውሻው የሚያውቀው ዛሬ ጠዋት መሽናት አሞት እንደሆነ፣ በሩ ሲከፈት መሮጥ ችሎ እንደሆነ ነው። የረቀቀው ሕክምና ከእነዚህ ጠዋቶች ጥቂት የሚጨምርለት ከሆነ ይሰጠው እላለሁ። የሚጨምረው ለባለቤቱ ተስፋ፣ ለውሻው የመርፌና የሆስፒታል ቀን ብቻ ከሆነ ግን ዕዳው አልተከፈለም፤ ሌላ ዕዳ ተጨመረበት እንጂ።

ከዚህ ይልቅ ያው የዘር ንባብ ሊውል የሚችልበት የቀደመ ስፍራ አለ፤ ይኸውም ገና ግልገሉ ሳይፀነስ፣ የትኛው ውሻ ከየትኛው ይገናኝ ሲባል ነው። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ አደገኛውን ፊደል የተሸከመውን ሁሉ ከመዝገቡ መሰረዝ ቀድሞም የጠበበውን ዘር ይበልጥ ያጠበዋልና። መውጫው አጥሩን መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካቫሊየር የሚባለውን ትንሽ ውሻ በዘር በወረሰው ሕመም ምክንያት እርስ በርሱ ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ክርክሩ ስለ ነቀርሳ አልነበረም፤ መነሻው ግን ያው የተዘጋ መዝገብ ነው። ፍርዱ ከሌላ ዝርያ ጋር በሚገባ ታስቦ ማዳቀልን አልከለከለም። ከዚያ የሚወለደው ግልገል መልኩ እንደ አባቱ ላይሆን ይችላል፤ በውበት ውድድርም ሽልማት አያገኝ ይሆናል።